በሳል መድኃኒት ጠርሙስ የተሻገረ ጠበል

ባለፈው ሳምንት ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንድ ባንክ በር ላይ ጫማዬን አወለቅሁ። ያዘዘኝ ሰው አልነበረም። በሩ ላይ የቆመችው ፈታሽ ያችን ብረት ስታገኝ የምትጮህ ጥቁር ዱላ ይዛ «እጅዎን ከፍ ያድርጉ» ብትለኝ፣ እግሬ ከእጄ ቀድሞ ታዘዘ። ነጠላዬን አጣጠፍሁ፣ ስልኬን ከላዩ አስቀመጥሁ፣ ከዚያ እንደ አውሮፕላን ጣቢያ ዕቃዬን የማኖርበትን ሣህን በዓይኔ መፈለግ ጀመርሁ። ከኋላዬ ከተሰለፉት ገበሬዎች አንዱ እኔን ያያል፣ አንዱ ጫማዬን ያያል። «እሜቴ፣ እዚህ ጫማ አይወለቅም» አለችኝ ልጅቱ ሳቋን እየዋጠች። «ታዲያ ቀድመሽ አትነግሪኝም?» ብዬ ጎንበስ አልሁ። ጉልበቴ እንደ ድሮው ቶሎ አይታጠፍምና እሷው አጎንብሳ አጠለቀችልኝ። በዚህ መሀል የእጇ ጓንት በአፍንጫዬ ሥር አለፈ። ቀጭን ጎማ ነው፣ ውስጡ ዱቄት የተነሰነሰበት። ሽታውን የማያውቅ ሰው የታደለ ነው። የሄድሁበትን ጉዳይ ትቼ ወጣሁና፣ ከጫማ ጠራጊዎቹ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ትንፋሼን እስክሰበስብ ድረስ ብዙ ቆየሁ።

እኔ የቡሬ ነጋዴ ነኝ። ጨርቅ ስሸጥ ነው የሸበትሁ። ዘመን ሲጠይቁኝ ዓመተ ምሕረት አልጠራም፣ ልብስ እጠራለሁ። ወንዱ ሁሉ ካኪ ቁምጣ የታጠቀበት፣ ቀጥሎ ቴትሮን የመጣበት፣ ሴቱ ጆርጀት ካልለበስሁ ሠርግ አልሄድም ያለበት፣ ከዚያም አበባ ያለው ሻሽ በሦስት ብር እየተሸጠ ገበያው ሳይሞቅ የሚያልቅበት ዘመን። ሱቄ ከአሮጌው መናኸሪያ ፊት ለፊት ነበር። ከጎኔ ቴፕ ጠጋኝ ነበረና የጠገነውን ለመሞከር ያንኑ አንድ ካሴት ቀኑን ሙሉ ያዞረዋል፤ ዘፋኙ ስለ ተለየችው ሴት ያለቅሳል፣ እኔ ሜትር እለካለሁ። አሁን ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል፣ ከሥሩ የስልክ ሽፋን ይሸጡበታል። ፍተሻን የተማርሁት በዚያ ዘመን ነው፣ ያውም አውሮፕላን ከማየቴ በፊት። መንገዱ ላይ ኬላ ነበረ። ገመድ ይዘረጋል፣ ፈታሹ ጫፉ የሾለ ረጅም ብረት ይዞ ጆንያውን ይወጋል፤ እህል ከሆነ ብረቱ ይሰምጣል፣ ጨርቅ ከሆነ ይይዘዋል። ኮንትሮባንድ ነግጃለሁ አልልም፣ አልነገድሁም ብዬም አልምልም። ከኔ በፊት መንገዱን የለመደች አንዲት ትልቅ ነጋዴ «ጆንያውን የሚወጋው ለወጉ ነው፤ የሚፈትሸው ዓይንሽን ነው። ዓይንሽን ሌላ ሥራ ስጭው» ብላ መከረችኝ። ከዚያ ወዲህ ኬላ በደረስሁ ቁጥር ቆሎ መቆርጠም ለመድሁ። መንጋጋ ሲሠራ ዓይን አይናገርም።

አውሮፕላን ስጀምር ኬላው ቤት ውስጥ የገባ መሰለኝ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ገር ነበሩ። ባሕር ዳር ላይ ፈታሹ «እትዬ ጥሩ፣ ዛሬ ደግሞ ወዴት ነው?» ብሎ በስሜ ይጠራኝና ቦርሳዬን ከፍቶ አንድ እፍኝ ቆሎ ይዘግንልኛል፤ ፍተሻው ያ ነበር። ዱባይ ለአንዲት ዘመድ በርበሬ ይዤ ስገባ፣ ፈታሹ ከረጢቱን ፈታና ምን እንደሆነ ሊያውቅ በአፍንጫው ሳበው። ሰውየው ማስነጠሱን እስኪጨርስ እኔ ታክሲ ውስጥ ነበርሁ። የቻይናው ጓንዡ ላይ ወረንጦዬ ተያዘ። በእኛ አገር እሾህ የማያውቅ እግር የለም፣ እኔም ወረንጦዬን እንደ ሰው ሁሉ ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አስራለሁ። ምን እንደሆነ ላስረዳው እግሬን አንስቼ ተረከዜን ባሳየው ሰውየው ወደ ኋላ ሸሸ። ወረንጦዋን ከጩቤና ከመቀስ ጋር ባንድ ሣጥን ጨመራት፤ እንዲህ ያለ ማዕረግ አግኝታ አታውቅም። ባንኮክ ላይ የፈተሸችኝ ልጅ ከመንካቷ በፊት ሁለት እጇን አጋጥማ እጅ ነሳችኝ፣ እኔም ደንግጬ እጅ ነሳሁ፣ ደግማ ነሳች፣ ሰልፉ ቆመ። ዴልሂ ሴቶችን የሚፈትሹት ከመጋረጃ ውስጥ ነው፤ ስትገቢ የነፍስ አባት ዘንድ የገባሽ ይመስልሻል፣ ስትወጭ ማኅተም ይመቱልሻል። አንዱ አገር ክብሪት ይፈራል፣ አንዱ የእህል ዘር ይፈራል፣ አንዱ ውሃ ይፈራል። የሚፈራውን በሣህኑ ላይ ታዩታላችሁ። የእኛ አገር መንገድ ደግሞ ሰው ይፈራል፤ ዛሬ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም ለመድረስ ስንት ጊዜ እንደምወርድና ስንት ጊዜ እንደምሳፈር መቁጠር ትቻለሁ።

ያ የጓንት ሽታ የመለሰኝ ግን ወደ አንዲት ዓርብ ነው። አውሮፕላን ላይ ፈሳሽ በእጅ መያዝ ከተከለከለ በኋላ፣ ሴቱ ሁሉ ሽፎን በለበሰበት ዘመን። ባሌ ታረቀኝ ልቡን ታመመ። ወፍጮ ቤት ነበረው፤ ኩንታል ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣው ሰውዬ በአንድ ክረምት ውስጥ ከአልጋ ወርዶ ጫማውን ማጥለቅ አቃተው። ትልቁ ልጃችን ይሄነው ይዞት ዴልሂ ሄደ። እዚያ ያሉት ሐኪሞች ቅዳሜ ደረቱን ከፍተን እንጠግናለን አሉ። ከቅዳሜ ካለፈ ቀዳጁ ዶክተር ወር የሚቆይ ጉዞ አለበት፣ የታረቀኝ ልብ ደግሞ ወር አይጠብቅም። ሰኞ ይሄነው ደወለ።

«አባ እንቢ አለ» አለኝ።

«ምን ብሎ?»

«የግሽ ዓባይን ጠበል ሳልቀምስ ደረቴን ለቢላ አልሰጥም አለ። የሚፈርምበት ወረቀት ፊቱ ላይ ነው፣ እስክርቢቶውን አስቀመጠው።»

«ስጠው እስኪ ስልኩን። አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነሃል?»

«አንች» አለኝ፣ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። «እናስተኛሃለን ይሉኛል። ተኝቸ ብቀርስ? እሱን ሳልቀምስ አልተኛም።»

ታረቀኝን ለማሳመን ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ከሠርጋችን ጀምሮ አውቃለሁ። ዴልሂ መሄድ ይፈጥናል። ማክሰኞ ሳይነጋጋ ተነስቼ በጢሊሊ በኩል ግሽ ዓባይ ወጣሁ። ምንጩ ዘንድ እህል የቀመሰ ሰው አይቀርብም፤ እኔም ከሰኞ ማታ ጀምሮ ውሃ እንኳ በአፌ አልዞረም ነበር። በእጄ ቀዳሁ። ቄሱ ባረኩልኝ፣ ከእምነቱም አፈር ቆንጥረው ጨመሩበትና ውሃው ደፈረሰ። «ስሚ» አሉኝ፣ «የበላ ሰው እንዳይቀምሰው። ከጫማ ጋር እንዳታስቀምጭው። እህል በቀመሰ አፍ ከተነካ ውሃ ብቻ ነው የምትወስጅለት።» ከጫማ ጋር አይቀመጥ ማለት ሻንጣ ውስጥ አይገባም ማለት ነው። ባይሉኝም አላስገባውም ነበር፤ ሻንጣዬ ሦስት ጊዜ እኔ ያልሄድሁበት አገር ደርሶ ተመልሷል።

በእጅ ለመያዝ ደግሞ ጠርሙሱ ትንሽ መሆን አለበት። እኔ ሕጉን አውቃለሁ፣ ነጋዴ ነኝ። ቤታችን ጠርሙስ አይጣልምና የልጆች የሳል መድኃኒት የነበረባቸውን አራት ትንንሽ ጠርሙሶች በፈላ ውሃ ሦስት ጊዜ አጥቤ ሞላኋቸው። የለጠፉበትን ወረቀት አልላጥሁትም። ይሄ ነው ጥፋቴ። ሙያዬ ነው ያጠፋኝ፤ በእኛ ንግድ ምልክቱ የተላጠ ዕቃ ማንም አያምነውም፣ የተሰረቀ ነው ይሉሻል። ስለዚህ ምልክቱ ሳይነካ ይቅር ብዬ፣ ሳል የሚል ጽሑፍ ያለበት የደፈረሰ ውሃ ይዤ ዓለም አቋርጣለሁ ብዬ ተነሳሁ።

ሁለተኛው ጥፋት ከመንጋጋዬ መጣ። ዓርብ ጎህ ሲቀድ ከአዲስ አበባ ስንነሳ ጀምሮ ልቤ ይመታል። ነገ ቅዳሜ ነው። ቢዘገይስ፣ ቢሰርዙትስ፣ ታረቀኝ ሌሊቱን ባያድርስ። ሳላስበው እጄ ኪሴ ገባ፣ ቆሎዬን እቆረጥም ጀመር። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው «እትዬ፣ ዛሬ ዓርብ አይደለም እንዴ?» አላለኝም፤ ቢለኝ ኖሮ ይሄን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

መሸጋገሪያው አንዲት የዓረብ ከተማ ነበረች። ስሟን ባልጠራ ይሻላል፣ ወደፊትም ላልፍባት እችላለሁ። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ደረስን። የዴልሂው አውሮፕላን የሚነሳው አምስት ሰዓት ተኩል ነው። ሰልፉ ላይ ከኋላዬ ወደ ሃያ የሚሆኑ የእኛ አገር ሴቶች ቆመዋል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ቦርሳ አንግተዋል፣ ፓስፖርታቸውን አንድ ሰውዬ ሰብስቦ ይዞታል። ቤሩት ለቤት ሠራተኝነት የሚሄዱ ናቸው። ወዲያው ከኋላዬ ያለችው ሠላሳውን ያለፈች፣ አንገቷ ላይ ንቅሳት ያለባት፣ ፍንጭት ሴት ነበረች። ጫማ አውልቁ ሲባል ወደ ጓደኛዋ ዞር ብላ «ታቦት ሳይኖር ጫማ የሚያስወልቅ ምን ዓይነት ቤት ነው?» አለች። አነጋገሯን ስሰማ የእኛው አካባቢ ሰው መሆኗን አወቅሁ። ሳቅሁ። ያ የዚያ ቀን የመጨረሻ ሳቄ ነው።

ቦርሳዬ በመሣሪያው ውስጥ አለፈና ተመለሰ። ደግሞ አለፈ። ፈታሹ ጓንቱን ስቦ አጠለቀ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ሲያስገባ ጎማው ይንጫጫል። አራቱን ጠርሙሶች አውጥቶ ደረደረ። አንዱን ወደ ብርሃን አንስቶ ነቀነቀው። የተኛው አፈር ተነስቶ ጨሰ። ጽሑፉን አየ፣ ውሃውን አየ፣ እኔን አየ።

«መድኃኒት?» አለ በእንግሊዝኛ።

«ውሃ» አልሁት በዓረብኛ። የኔ ዓረብኛ የዱባይ ገበያ ዓረብኛ ነው፤ ዋጋ ያስቀንሳል እንጂ ነፍስ አያስረዳም።

«ውሃ ከሆነ ሽረቢ» አለኝ። ጠጭ ማለቱ ነው፣ ከአራቱም።

ሕጉ ነው። ሌላም አገር አይቼዋለሁ፤ እናቶችን የሕፃን ወተት ያስጠጧቸዋል። እጄን ዘረጋሁ። ከዚያ ጥርሴ መሀል የተሰነቀረች አንዲት የገብስ ፍሬ ምላሴን ነካችው። እጄ መንገድ ላይ ቀረ።

«አልችልም» አልሁት።

«ለምን?»

«በልቻለሁ።»

የሰውየው ፊት ሲለወጥ ታየኝ። ሠላሳ ዓመት ፈታሽ ፊት ሳነብ ኖሬያለሁ፤ ያን ጊዜ ያነበብሁት ጥሩ አልነበረም። ከሥሩ የቆሻሻ ሣጥን አለ፣ ውስጡ በሰው ውሃና ሽቶ ተሞልቷል። በጣቱ አሳየኝ፤ ወይ ትጠጫለሽ ወይ እዚያ ይገባል። አምስት ደቂቃ ብሎ እጁን ዘረጋ። ብጠጣው ለታረቀኝ የምወስድለት የጭቃ ውሃ ነው፣ ሳልነግረው ባጠጣው ደግሞ አታልዬ የማላውቀውን ሰው በሞቱ ዋዜማ አታለልሁት ማለት ነው። ብተወው ባዶ እጄን እደርሳለሁ፣ እሱም አይፈርምም። ዞር ስል ፍንጭቷ ሴት ጫማዋን በእጇ ይዛ ታየኛለች።

«እህቴ፣ እህል ቀምሰሻል?» አልኋት።

«በዓርብ?» አለች። «ያች የአውሮፕላን ልጅ ዳቦ ሰጥታኝ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እበላዋለሁ።»

«የየትኛው አገር ዘጠኝ ሰዓት?»

«የሊበን ነዋ። ከዚያ አይደል የመጣሁ።»

«እንግዲያ ከዚህ ቅመሽልኝ። ጠበል ነው።»

ጠርሙሱን ጎንበስ ብላ አየችው። «የሳል መድኃኒት ይላል። ማንበብ የማልችል እንዳይመስልዎ፣ አራተኛ ክፍል ደርሻለሁ።»

«ጠርሙሱ የሳል ነው፣ ውስጡ ጠበል ነው።»

«ያመጣን ሰውዬ የሰው ነገር አትያዙ፣ የሰው ነገር አትቅመሱ ብሎናል። አንዲቷ የሰው ከረጢት ይዛ እስር ቤት እንደገባች ነግሮናል።»

«እውነቱን ነው ያላችሁ።»

«እውነቱን ከሆነ ለምን እርስዎ አይቀምሱትም?»

«በልቻለሁ አልሁሽ።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ከፈታሹ ዓይን የሷ ከበደኝ። «ከወዴት የተቀዳ ነው?» አለች።

«ከግሽ ዓባይ።»

«ማን ቀዳው?»

«እኔ። በባዶ ሆዴ፣ በዚህ እጄ።»

«የግሽ ዓባዩ ጻድቅ መጻሕፍታቸውን ለማን አደራ ሰጡ?»

ሃያ ሴት ከኋላ ይገፋል፣ ፈታሹ ሰዓቱን ያያል፣ እሷ ትፈትነኛለች። «ለውሃው» አልኋት።

«ሲመልስላቸውስ?»

«አንዲት ገጽ አልራሰችም።»

ጠርሙሱን መልሳ አየችው። «ለማን ነው የሚወስዱት?»

«ለባሌ። ነገ ደረቱን ይከፍቱታል። ይሄን ካልቀመሰ አልፈርምም ብሎ ተቀምጧል።»

«ግትር ነው?»

«በቅሎ ነው።»

«የኔም እንዲያ ነበር፣ ነፍሱን ይማር» አለችና ጫማዋን መሬት አስቀምጣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

አሁን ደግሞ ፈታሹ ጠርሙሱን ያዘ። «አንች ነሽ የምትጠጭው፣ እሷ አይደለችም።»

«እህቴ ናት» አልሁት። ነጋዴ ነኝ፤ አንዳንድ ጊዜ አፌ ሳይጠይቀኝ ይሠራል።

«አንችስ?»

«እኔ በልቻለሁ። እሷ ጾመኛ ናት።»

ሰውየው እኔንና እሷን እያፈራረቀ አየ። «ጾመኛ ውሃ ይጠጣል?»

«ይሄን ይጠጣል።»

«የበላስ?»

«የበላ አይጠጣም።»

እጁን አንስቶ አለቃውን ጠራ። ጢሙ የሸበተ፣ ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው መጣ። ነገሩን ሰማና ራሱ ደግሞ ጠየቀኝ። «እኛ ዘንድ የጾመ አይጠጣም፣ የበላ ነው የሚጠጣ።»

«እኛም ዘንድ ውሃ እንዲያው ነው። ይሄኛው ብቻ ነው የሚለይ» አልሁት። ቃል አጠረኝና ጠርሙሱን በደረቴ፣ ከዚያ በግንባሬ አስነካሁ። ሽማግሌው ይሄንን ይወቀው አይወቀው እንጃ። ብዙ አሰበ። ከአራቱ አንዱን ራሱ መርጦ ሰጣት። «ትጠጣ። ግማሽ ሰዓት እዚህ ትቀመጣለች። አንድ ነገር ብትሆን አንች አትሄጅም» አለኝ።

ተረጎምሁላት። «ግማሽ ሰዓት?» ብላ ወደ ጓደኞቿ አየች። ሌሎቹ አልፈው እየሄዱ ነው፤ ፓስፖርት ያዡ ሰውዬ ከወዲያ ማዶ እየቆጠረ አንድ ጎደለው፣ እንደገና ይቆጥራል። አማተበች። በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰች፣ ከቀረው ላይ ግንባሯን አስነካች።

ከግድግዳው ሥር ሁለት ወንበር ሰጡን። ሽማግሌው ፊቷን ያያል፣ እኔ ሰዓት አያለሁ። ላቤ ከሻሼ ሥር ወርዶ አንገቴ ውስጥ ይገባል። እሷ እግሮቿን አጥፋ ገበያ እንደምትጠብቅ ሴት ተቀመጠች። ፓስፖርት ያዡ ከመስታወቱ ማዶ እጁን ያወናጭፋል፣ ትተንሽ እንሄዳለን እያለ ነው።

«ትተውሽ ቢሄዱስ?» አልኋት።

«አይተውኝም። ለኔ የተከፈለ አለ።»

«ልጆች አሉሽ?»

«ሁለት። ለእናቴ ትቻቸው ነው። እርስዎ አይጨነቁ፣ ጠበል ሰው አይገድልም። የሚገድለው ሰውዬው እንደዚህ ሲያየኝ ነው።» ይህን ብላ ሽማግሌውን ፈገግ ብላ ብታየው፣ እሱም ሳያስበው ፈገግ አለና ፊቱን አዞረ።

ግማሽ ሰዓቱ ሳይሞላ እጁን አወዛወዘ፤ ሂዱ። ጠርሙሶቹን ወደ ቦርሳዬ መለሰልኝ። እኔ በሁለት እጄ ቦርሳዬን አቅፌ ቀና ስል፣ ያ ሰውዬ የሴትየዋን ክንድ ይዞ እየጎተተ እያምባረቀባት ነው። አንድ ጊዜ ዞር ብላ «ይማርልዎ» አለችኝ። ከዚያ ሰማያዊው ቦርሳ ከሌሎች ሰማያዊ ቦርሳዎች ጋር ተቀላቀለ። እኔ ወደ ግራ ሮጥሁ፤ ከአውሮፕላኑ በር የመጨረሻዋ ሰው ሆኜ ገባሁ።

ዴልሂ የገባሁት ማታ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ጠያቂ አይገባም ተብዬ ቅዳሜ ጠዋት ሆስፒታሉ ስደርስ ታረቀኝ ተላጭቶ፣ ከኋላው የሚታሰር ሰማያዊ ቀሚስ ለብሶ ተቀምጧል። ነርሷ ምንም አይቀምስም አለች፤ ይሄነው ለምኖ አንዲት የሻይ ማንኪያ አስፈቀደ። ክዳኑን ስከፍት ታረቀኝ እጄን ያዘኝ። በእኛ አገር ጠላም ይሁን መድኃኒት፣ የሚሰጥ ሰው ቀድሞ ካልቀመሰ የሚቀበል የለም።

«ቀመስሽው?» አለኝ።

መዋሸት እችል ነበር። «አልቀመስሁም። ዓርብ ጠዋት ቆሎ በልቼ ነበር። ሌላ ሴት ቀምሳልሃለች፣ የሊበን ሴት። ጾመኛ ነበረች። ሥራዋን ልታጣበት ነበር።»

«ስሟ ማን ነው?»

በሕይወቴ የስንት ደንበኛ ስም ስጠይቅ ኖሬያለሁ፤ አንዲት ክር የገዛችኝን ሴት ስም አውቃለሁ።

«አልጠየቅሽም» አለ። ማንኪያዋን ተቀብሎ ቀመሰና ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። ከዚያ ይሄነውን «አምጣ ያን ወረቀት» አለው። ሲፈርም እጁ በዘመኑ ሁሉ ከጻፈው ፊደል የተሻለ ጻፈ። ወደ ውስጥ የገፉት ረፋድ ላይ ነው፣ የወጣው ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ነው። በመካከሉ ያለውን ሰዓት እንዴት እንዳሳለፍሁ አልነግራችሁም። ቆሎ አልበላሁም።

ዳነ። በዓመቱ፣ ደረቱ ላይ ያለው ጠባሳ ሲነጣ፣ ከቡሬ ሸማኔ ጋቢ አዘዘ፤ ጥለቱ አላማረኝም እያለ ሦስት ጊዜ መለሰበት። «ለዚያች ሴት እናት ነው» አለኝ። በገበያ ቀን ሊበን ወረድን። የቆጋ መስኖ ሽንኩርት ከሚሸጡት ሴቶች ተራ ገብቼ መጠየቅ ጀመርሁ። ዓረብ አገር የሄደች፣ ሁለት ልጆች ለእናቷ የተወች፣ ባሏ የሞተባት፣ ፍንጭት፣ አንገቷ የተነቀሰ። አንዷ ሽንኩርት ሻጭ ሚዛኗን አስቀምጣ «እሜቴ፣ ከዚህ ተራ ልጅ ያልሰደደ ማን አለ?» አለችኝ።

ወሬው ከኛ ቀድሞ ገበያውን ዞረ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ አሮጊቶች ከበውናል። አንዷ «የኔዋ ረዘም ትላለች፤ አጭር ነበረች?» ትላለች። ሌላዋ ፎቶ ከመቀነቷ ፈታ ታሳየኛለች፣ አይደለችም ስላት መልሳ ትቋጥራለች። አንዷ ልጇ ስልክ ከደወለች ሁለት ፋሲካ አልፏል። ታረቀኝ ጋቢውን ጭኑ ላይ አድርጎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። በመጨረሻ በትር የያዘች አንዲት ሴት ሰዎቹን ከፍላ ፊቴ ቆመች።

«ዓርብ ነበር አላችሁ?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«እህል አልቀመሰችም?»

«አልቀመሰችም።»

«የኔ ናት።»

«ፍንጭት ናት?»

«አይደለችም» አለች።

«አንገቷስ? ንቅሳት አላት?»

«የላትም። የኔ ናት።»

በዕድሜዬ ዕቃ ለማይገባው ሰው አስረክቤ አላውቅም። ወደ ታረቀኝ ዞርሁ። እሱ ግን ተነስቶ ጋቢውን ዘርግቶ ትከሻዋ ላይ ጣለላት። ሴትየዋ አላየችውም። ዓይኗ እኔ ላይ ነው።

«ፈርታ ነበር?» አለችኝ።

«አልፈራችም» አልኋት። «የፈራሁት እኔ ነበርሁ።»

ራሷን ነቅንቃ ዞር አለችልኝ። ከኋላዋ የነበሩት ሴቶች ተራ ያዙ። አንዷም ጋቢ አልጠየቀችኝም። እየቀረቡ ያንኑ ጠየቁኝ፣ ለእያንዳንዷም ያንኑ መለስሁ።